የሚጮኸው ቁራጭ

ከወንበሬ አልነሳም አልኩ። አጎቴ የቆዳ ሽርጥ አጥልቆ፣ ጓንቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በሩ ላይ ቆሟል። ቦታዬን ሊረከብ ነው የመጣው።

"ተነሽ እንጂ፣ ምነው ተለጠፍሽ?" አለኝ።

አዎ፣ ተለጥፌያለሁ። አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር ነው።

እኔና አባዬ ለኢላማ ተኩስ ክለቡ እርሳስ አቅልጠን የጥይት አረር እንሠራለን። ቁራሌው በጆንያ የሚያመጣልን ግን እርሳስ ብቻ አይደለም። ጎማ ሠሪዎች ከመኪና ጎማ ላይ የሚነቅሏቸው ትናንሽ የሚዛን መጠበቂያ ቁራጮች ይበዙበታል፤ ከእነሱ መሃል ደግሞ ዚንክ የሆኑ አሉ፣ መልካቸው ቁርጥ እርሳስ። ዚንክ ድስት ውስጥ ገብቶ እሳቱ ከበረታ ቅልጡ ይጓጉላል፣ አረሩም ጠርዙ ሳይሞላ ይወጣል።

አባዬ የሚለየው በጆሮው ነው። ቁራጩን ሲሚንቶው ላይ ይጥለዋል፤ እርሳስ ዱብ ይላል፣ ዚንክ ቅጭል ይላል። ሰፈሩ ሁሉ በጆሮው ይምላል፣ እሱ ራሱም ጭምር።

ባለፈው ወር ክለቡ አንድ ሙሉ ሣጥን አረር መለሰብን። ያቀለጥኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱም የኔ ተባለ። የለየው ግን እሱ ነው። እርሳስ ብሎ ካስቀመጠው መሃል ሳይቀልጡ የተረፉ ሦስት ዚንኮች አግኝቼ ኪሴ ከትቻለሁ። ዝም ያልኩት ስለምወደው ነው። ጆሮው እንደከዳው ከኔ አፍ እንዲሰማ አልፈለግኩም።

"ወንድሜ ያቀልጣል፤ አንቺ ግቢውን ትጠርጊያለሽ" አለኝ አሁን አባዬ፣ ጆንያው አጠገብ ቆሞ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ደሜ ፈላ። ለዝምታዬ የተከፈለኝ መጥረጊያ ነው!

"አልጠርግም!" አልኩ። ከኪሴ አንዱን ቁራጭ አውጥቼ ሲሚንቶው ላይ ጣልኩት። ቅጭል ብሎ ነጠረ። "አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"እርሳስ ነዋ" አለ፣ ሳያመነታ።

"ኧረ ወንድሜ፣ እሱኮ ጮኸ" አለ አጎቴ።

"አንተን ማን ጠየቀህ?" አለው አባዬ።

ቁራጩን አንስቼ ከፒንሳ ጋር አባዬ እጅ ላይ አስቀመጥኩለት። "በል ቁረጠው፤ እርሳስ ከሆነ ለስላሳ ነው፣ ይቆረጣል።"

ፒንሳው ተንሸራተተበት። ሁለተኛውን ሰጠሁት፣ ያም እምቢ አለ። ሦስተኛውን ሲጨምቅ የክንዱ ሥር ተገተረ፤ ብረቱ ግን የጥርስ ምልክት እንኳ አልያዘም። ከዚያ ራሱ ጎንበስ ብሎ ከጆንያው እውነተኛ እርሳስ አወጣ። አንዴ ጫን ሲለው ለሁለት ተቆረጠ።

ቁራጮቹን መዳፉ ላይ አገላበጣቸው። አሳዘነኝ፤ ግን ይቅርታ አልጠየቅኩም።

"ከየት አመጣሻቸው?"

"አንተ ከለየኸው ውስጥ።"

አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ያየው ወንድሙን ነበር። "ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አለው። "ሽርጡን አውልቅ።"

አጎቴ እያጉረመረመ አወለቀ። አባዬ ባዶ ሣጥን ጎትቶ አጠገቤ ተቀመጠና ፒንሳውን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

"ጣይው" አለኝ፣ ከጆንያው አንድ ቁራጭ አቀብሎኝ። "አንቺ ስሚ፣ እኔ እቆርጣለሁ።"