በሀምዳን ሽርጥ ውስጥ

ነፍስ የዘራሁት ሞያሌ፣ ረምዚያ ሱቅ ውስጥ ነው። ገዢው ሽማግሌ ድምፄን ልስማ ስላለ፣ ረምዚያ እጀታዬ ውስጥ ሁለት ባትሪ ከትታ ቃታዬን ሳበች። «ተ-ተ-ተ-ተ!» አልኩ። የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝና ነቃሁ።

ጥቁር የፕላስቲክ ሽጉጥ ነኝ። መልኬ፣ ሳልኩራራ፣ ያምራል። ከእውነተኛው የምለየው ምንም ስለማልተፋ ብቻ ነው። ሽማግሌው ግን ፊቱን አጨፈገገ።

«ሌላ የሚጮህ የለሽም? በዚህ ሰሞን ደግሞ ሽጉጥ ይገዛል?»

«ወላሂ ሀምዳን አባቴ፣ ይቺው ናት የቀረችኝ። ቹኩዋ ቱ፣ ዝም ብለህ ውሰዳት። የልጅ ጨዋታ ነው።»

ነጅዋ የምትባል የልጅ ልጅ አለችው። ከከተማው ወጣ ካለችው መንደራቸው ከቡቲዬ ሆና፣ የሚጮህ አሻንጉሊት ካላመጣህ ቤት አትገባም ብላ ይዛዋለች። ምን ያድርግ፣ ገዛኝ።

መደርደሪያው ላይ ከጎኔ የፕላስቲክ መኪና ነበረች። እሷ አሸዋ ትጭናለች። ኳሱ ይነጥራል። እኔስ? ሰው ላይ መነጣጠር ነው ሥራዬ? ከዚያስ በኋላ? ምንም የማይወጣበት አፍ የሰጡኝ ለምንድን ነው? ከነቃሁ ጀምሮ ይህ ጥያቄ ይበላኝ ነበር። የምመኘውማ አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ሰው፣ ለአንድ አፍታ እንኳ፣ ከልቡ እንዲፈራኝ።

ሀምዳን ፌስታል የሚባል ነገር አይወድም። ስልኩንም፣ መፋቂያውንም የሚይዘው ወገቡ ላይ በሚጠቀልለው ሽርጥ ውስጥ ነው። እኔንም እዚያው ጥቅል ውስጥ ወሸቀኝ። ሸሚዙን ጣል አደረገብኝና የቡቲዬን መንገድ በእግሩ ተያያዘው።

ያን ሰሞን ሞያሌ ተኩስ ስለነበር፣ ፖሊሶች በየመንገዱ መሣሪያ ይፈትሹ ነበር። ከከተማው ብዙም ሳንርቅ አንድ ወጣት ፖሊስ ብቻውን ቆሞ አገኘን። ነፋሱ የሀምዳንን ሸሚዝ ገለጠው። ፖሊሱ እጀታዬን አየ።

«ሲማማ! ሚኮኖ ጁ!»፣ ቁም፣ እጅ ወደ ላይ ብሎ ጠብመንጃውን ደገነ።

ሀምዳን ቆመ። ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። «አሻንጉሊት ነው ልጄ፣ ለልጅ የገዛሁት...»

«ኒያማዛ!» ብሎ ዝም አሰኘው።

የፖሊሱን ፊት አየሁት። ላብ በጆሮው ግንድ ይወርዳል፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። ፈርቷል! እኔን ነው የፈራው! ጮቤ ረገጥኩ። ለዚህ ነው የተፈጠርኩት አልኩ።

ሽርጡ መላላት የጀመረው ያኔ ነው። ሽርጥ ቀበቶ የለው። እጅ ሲነሳ ሆድ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጥቅሉ ይፈታል፣ እኔ ደግሞ ከነባትሪዬ ቁልቁል እጎትተዋለሁ። ከኋላችን ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች ደንግጠው ቆመዋል። የሀምዳን እጅ ዕድሜውን ሙሉ ሽርጡ በላላ ቁጥር ሳያስበው ይወርዳል። አሁንም ወረደ።

እሱ እጁን ወደ ሽርጡ ነው የሰደደው። ፖሊሱ ያየው ግን ወደ እኔ ሲመጣ ነው።

ጠብመንጃው ቀጭ አለ። አቀባበለ።

ምን ላድርግ? ልጩህ? ከጮህኩ ተኩስ መስሎት ይተኩሳል። ዝም ካልኩ የሽማግሌው እጅ እኔ ጋ ይደርሳል፣ ያኔም ይተኩሳል። የተመኘሁት ፍርሃት ይኸው መጣ፣ የሚገደለው ግን እኔን የያዘው ሰውዬ ነው። አፈርኩ። እንደዚያ አፍሬም ፈርቼም አላውቅም።

ባለ በሌለ ኃይሌ ተወራጨሁ። ጥቅሉ ለቀቀኝና በቁሜ ድንጋይ ላይ ወደቅኩ። ብሎኖቼ ተነቀሉ፣ ለሁለት ተከፈልኩ። አንዲት ሞላ ዘላ ወጣች። ሁለቱ ባትሪዎች እየተንከባለሉ የፖሊሱ ጫማ ጋ ደረሱ።

ፖሊሱ ባትሪዎቹን አየ። ከዚያ ባዶውን ሆዴን አየ። አፈሙዙ ቀስ እያለ ወረደ።

«ቶይ? አሻንጉሊት?» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። «ምዜ... አባባ፣ እኔ እኮ...» እመንገዱ ዳር ቁጭ አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ሀምዳን ሽርጡን አጥብቆ ጠቀለለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ግማሼን አነሳ፣ አየኝና እሾህ ቁጥቋጦ ውስጥ ወረወረኝ።

«ሁለተኛ!» አለ።

ተናደድኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ላዳንኩት ምስጋናው ይሄ ነው? ባትሪዬ ወጥቷል፣ የቀረችኝ ትንፋሽም ብዙ አታቆየኝም። ቢሆንም ዓይኔን ከእሱ ላይ መንቀል አልቻልኩም። እየቆመ እየሄደ፣ ወደ ቡቲዬ ራቀ።

ነጅዋ ከበር ሮጣ ወጥታ ምን አመጣህልኝ ትለዋለች። ምን ብሎ እንደሚመልስላት አላውቅም። የሚመልስላት ሰው ግን አለ።