የዲሳሳ ጥያቄ

ሃያ ስድስት ዓመት የጤና ጣቢያ ዘበኛ ነበርኩ፤ ከአሶሳ ስትመጣ ከመንጌ ወዲህ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ባለች ቀበሌ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ።

ስቀጠር ቤቱ ሁለት ክፍል፣ አጥሩ ቀርከሃ ነበር። መዝጊያ አልነበረውም። ሐኪማችን ዲሳሳ የሚባል የነጆ ሰው ነበር። ሐኪም ስንለው "ድሬሰር ነኝ፣ ቁስል አጣቢ" እያለ ያርመናል። እኛም ሐኪም ማለታችንን አልተውንም። ከቋንቋችን ከበርታ መጀመሪያ የተማረው "የቱ ጋ ነው የሚያምህ?" የሚለውን ነው። አነጋገሩ ስለሚያስቅ አሞት የመጣ ሰው እንኳ ፈገግ ይላል። ስም የሚመዘግበው ቁስሉን አጥቦ ከጨረሰ በኋላ ነበር። መድኃኒት ያልቅበታል። ቢያልቅበትም ሳያይ የመለሰው ሰው አላውቅም። ያ ቤት ፈርሷል፤ ግቢው ውስጥ የነበረው የማንጎ ዛፍ ብቻ ቀርቷል። በአጠገቡ ሳልፍ ዛሬም የአልኮል ሽታ ይመጣብኛል።

ዲሳሳ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚያ ማንጎው አጠገብ አዲስ ጤና ጣቢያ ተሠራ፤ የብረት በር ገባለት። በር ላይ የሚጠየቀውም ጥያቄ ተለወጠ። የጤና መድን ካርድ ያልታደሰለት፣ ገንዘብም ያልያዘ ሰው እንዳላስገባ ታዘዝኩ። ካርድ የሚታደሰው በበጋ ነው። በበጋ ደግሞ የእኛ ሴቶች ወንዝ ወርደው ወርቅ ያጥባሉ። ሲመለሱ መዝገቡ ተዘግቷል።

ከስድስት ዓመት በፊት ጎረቤቴ ሀምዲያ ከወንዝ መጣች። አካፋ እግሯን ቆርጧት ቁስሉ አመርቅዟል።

"ካርድሽ አልታደሰም" አልኳት።

አልተከራከረችም። ማንጎው ሥር ተቀምጣ ጥላው እስኪዞር ቆየች፤ ከዚያ እያነከሰች ሄደች። በሦስተኛው ሳምንት በቃሬዛ አሶሳ ወሰዷት። ሦስት የእግር ጣቷ ተቆረጠ። ሰዎች ሲጠይቁኝ፣ የዚያን ቀን ሐኪም አልነበረም አልኩ። ሐኪም ነበር። እሷም ታውቃለች፤ ለማንም አልተናገረችም።

ባለፈው ሐሙስ የክልሉ ምክር ቤት አባላት መራጩን ሊያዳምጡ አሶሳ ጠሩን። ከየቀበሌው አንድ ሰው ይናገር ተባለ፤ ከእኛ እኔ ተመረጥኩ። ሀምዲያም መጣች። ሚኒባስ ውስጥ ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ጫማዬን አየችው።

"ጠርገኸዋል፣ አባ ጁምዓ።"

"የምንሄደው ምክር ቤት ነው።"

"በር ላይ ስትቆም እንዲህ አምረህ አይቼህ አላውቅም።"

ሹፌሩ ሳቀ። እኔ ወደ ውጭ አየሁ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር የጻፈልኝ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር። አምቡላንስ ይጨመር፣ መንገዱ ይጠገን ይላል። ተራዬ ሲደርስ አወጣሁት፤ አላነበብኩትም። ሀምዲያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች።

"ዘበኛ ነበርኩ" አልኩ። "ይህችን ሴት ከበር የመለስኳት እኔ ነኝ። ሐኪም አልነበረም ያልኩት ውሸት ነው። ሐኪም ነበር፤ ካርድ ነው ያልነበረው።"

ከምክር ቤት አባላቱ አንዱ፣ ሌንጂሳ የሚባል የባምባሲ ሰው፣ መነጽሩን አወለቀ።

"ታዲያ አባባ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ነው ማለት ነው?"

"የእኔ ነው። እኔን ብትቀጡኝ ግን ነገ ሌላ ዘበኛ ይቆማል። እሱም ያንኑ ካርድ ይጠይቃል። ሕግ አውጡ። የታመመ ሁሉ መጀመሪያ ይታከም፤ ወጪውን መንግሥት ይሸፍን። ወርቅ አጣቢም ሆነ ገበሬ፣ ከሸርቆሌ መጠለያ የመጣ ስደተኛም ቢሆን።"

"ሐሳቡ ጥሩ ነው። በጀቱስ?"

"እሱን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ የማውቀው በሩን ነው።"

ከኋላ አንድ ሰው "እውነቱን ነው" አለ። ሌንጂሳ ጻፈ። ብዙ ጻፈ። ለቀጣዩ ጉባኤ አቀርበዋለሁ፣ ቃል መግባት ግን አልችልም አለ። ቃል አለመግባቱን ወደድኩለት። ጉባኤው መቼ እንደሆነ ጠየቅኩት። በሰኔ ነው አለኝ። በሰኔ እመጣለሁ አልኩት።

ከአዳራሹ ወጥተን መናኸሪያ ድረስ በዝግታ ሄድን። የሀምዲያ የቀርከሃ ምርኩዝ ድምፅ ከጎኔ ይሰማል። መናኸሪያው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

"ዲሳሳን አስታውሰዋለሁ" አለች። "ልጅ ሆኜ ጆሮዬን አክሞኛል። ያንን ጥያቄውን ሲጠይቀኝ ከሕመሙ ይልቅ ሳቄ መጣ።"

"ሁሉም ይስቅ ነበር።"

"አንተ ግን ጠይቀኸኝ አታውቅም። ጣቶቼ ከተቆረጡ ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ጎረቤቴ ሆነህ።"

የመንጌ ሚኒባስ ረዳት እየጠራ ነበር። ሁለት ወንበር ቀርቷል፣ አንድ ወንበር ቀርቷል ይላል። እኔም ከጎኗ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

"የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?" አልኳት፤ በቋንቋችን፣ በዲሳሳ አነጋገር።

ሳቀች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች፤ ቀስ ብላ ታሳየኝ ጀመር። ሚኒባሱ ሞልቶ ሄደ።