የቴኖሩ የመጨረሻ ገጽ

«አንድ ድምፅ ጎድሎናል» አለ ቴኖር የሚባለውን መካከለኛ ድምፅ የሚዘምረው ቱሊዮ፣ ከሟቹ የሥራ ክፍል ብቅ ብሎ። «ማዶና ኦርሶላ፣ በሐዘንዎ ላይ ማስቸገር ሆነብኝ እንጂ፣ እርስዎ ቢያዩት ይሻላል።»

ኦርሶላ ወጥ ቤት ውስጥ ከጎረቤቷ ከሞና ዲያኖራ ጋር ተቀምጣ ነበር። ባሏ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሬሳ በወጣበት ቤት እሳት አይነድምና ምድጃው ቀዝቅዟል፤ ዲያኖራ ከቤቷ ያመጣችው የባቄላ ሾርባም ሳይነካ ረግቷል።

«ሂጂ እዪላቸው» አለች ዲያኖራ። «ቢያንስ ከዚህ ወንበር ያስነሱሻል። አላለቀስሽ፣ አልበላሽ! ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል።»

ሰውም ማለቱን አልተወም። ማስትሮ ኤርኮሌ በሉካ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት የመዘምራን አለቃ የነበረ ሰው ነው፤ ሚስቱ ግን በቀብሩ ላይ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። «ልቧ ድንጋይ ነው» ያሉ ነበሩ። አልተሳሳቱም። ድንጋዩን ማን እዚያ እንዳስቀመጠው የጠየቀ ግን የለም።

በሥራ ክፍሉ ቱሊዮና ዘማሪ ጓደኞቹ በከበቡት ጠረጴዛ ላይ አራት ቀጫጭን መጻሕፍት ተዘርግተዋል፤ ለአራቱ ድምፅ አራት መጽሐፍ። ዘማሪ የራሱን ድምፅ እንጂ የጓደኛውን አያይም። ሙሉውን የሚያውቁት ደራሲውና እግዜር ብቻ ናቸው ይባላል፤ በዚህ ቤት ግን ሦስተኛ ሰው ነበረች። የባሏን ድርሰት ሁሉ በእጇ ስትገለብጥ የኖረችው ኦርሶላ ናት። ይኼኛውን ግን ሳያሳያት ራሱ ገልብጦታል።

«ለሰባቱ የሚዘመረው የሙታን ቅዳሴ ነው» አለ ቱሊዮ። «ለራሱ ነው የደረሰው፤ ‹ስሞት ይኼን ዘምሩልኝ› ብሎኛል። እስከ መጨረሻው ጸሎት ድረስ ምንም እንከን የለው። እዚያ ስንደርስ ግን የሦስቱ ድምፅ ሙሉ ሆኖ፣ የኔ የቴኖሩ ይኸውልዎ፣ አንዲት መስመር! ቃል እንኳ የላትም። ከላይዋ ‹አራት እጥፍ አዘግይተህ ዘምር› ይላል። እሺ፣ አዘገየሁ። መሀል መንገድ ላይ ኖታው አለቀብኝ! እነሱ ሲቀጥሉ እኔ አፌን ከፍቼ እንደ ገበያ ዓሣ ልቅር?»

«ማስትሮ በሕይወት ሳለም አንተ ዝም ስትል ነበር ደስ የሚለው» አለ ወፍራም ድምፅ ያለው ጓደኛው። ሳቁ፤ ወዲያው ሐዘን ቤት መሆናቸው ትዝ አላቸውና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ኦርሶላ መጽሐፉን አነሳች። አራት እጥፍ የሚለውን ትዕዛዝ ትታ ኖታዎቹን በሆዷ በተራ ፍጥነት ዜማ አደረገቻቸው። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«ተዉልኝ» አለች። «ነገ ኑ። የጎደለውን ሞልቼ እሰጣችኋለሁ።»

ሲወጡላት በሩን ዘጋች። ዘፈን ነው። ከቅዳሴው ስር የተቀበረው የኦሬታ ዘፈን ነው።

ኦሬታ ብቸኛ ልጃቸው ነበረች። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት፣ በመስኮት ልብስ ስታሰጣ የምትዘፍነውን ለመስማት አላፊ አግዳሚው ይቆም ነበር፦

ነጩን ሻሼን ወንዙ ወሰደው፣
እዚያ ማዶ ያለህ፣ እባክህ ያዘው፣
እሱን ለያዘልኝ ልቤም የሱ ነው።

ዘፈኑ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ አጣቢዎች ያመጡት ይሆናል። ጣጣው የመጣው የአንድ ትልቅ ቤት ልጅ ከመስኮቱ ስር መመላለስ ሲጀምር ነው። ኤርኮሌ ከደብሩ የሐሜት ሽውታ ደረሰው። «እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ላዘምር፣ ልጄ በመስኮት ለጎረምሳ ትዝፈን?» አለ። በሳምንቱ ገዳም እንድትገባ ወሰነ። ኦርሶላ እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው። «ለክብሯ ነው» አላት፣ በቃ። የወንድ ልጅ ፍርሃት ሁልጊዜ ክብር የሚባል ካባ ይደርባል።

የገዳሙ በር ላይ ኦሬታ አላለቀሰችም። መነኮሳቱ ክንዷን ይዘው ሲያስገቧት ያንኑ ዘፈን ጀመረች፤ ጮክ ብላ፣ ለእልህ። ኤርኮሌ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መንገዱ ያይ ነበር። በሩ ተዘጋ።

እዚያም መዝሙር በአንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ብዙ ድምፅ አዋሕዶ መዘመር ለመነኮሳቱ ክልክል ነው። በሁለተኛው ክረምት ደረቷን አሟት ሞተች። መርዶው የደረሰው ኤርኮሌ መዘምራኑን ሲያለማምድ ነው፤ ልምምዱን እስከ መጨረሻው ጨርሶ ነው ቤቱ የመጣው። ቆሞ ነገራት። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በመካከላቸው «ራት ቀርቧል» እና «ቀለም አልቋል» ከማለት ያለፈ ነገር አልነበረም። የልጅቱን ስም አንድ ቀን እንኳ አልጠራም።

«አንተ ሌባ!» አለች ኦርሶላ ባዶውን ወንበሩን እያየች። «እሷን ቀበርክ፤ ዘፈኗን ደግሞ ሰረቅክ። ያውም ግማሹን! ጨርሰህ እንኳ አላስታወስከውም!»

ብዕር አነሳች። የቀረውን የማታውቅ መስሎታል እንዴ? ሙሉውን ልትጽፈው፣ የልጇን ዘፈን እሷ ልትጨርስላት ቀለም ነከረች። የት ላይ እንዳቆመ ለማወቅ ኖታዎቹን በዘፈኑ ቃላት እየመዘነች ሄደች። ነጩን ሻሼን ወንዙ ወሰደው። እዚያ ማዶ ያለህ፣ እባክህ…

እዚህ ላይ ነው ያለቀው።

በሩ የተዘጋውም እዚህ ላይ ነበር።

ብዕሩን ይዛ ቀረች። ይህን ሁሉ ዓመት እሱ ዘፈኑን አልሰማም ብላ ታስብ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ፣ በሩ እስኪዘጋ ድረስ እያንዳንዷን ድምፅ ሰምቷል። ሰምቶም ዝም ብሏል። አለመስማቱ ይሻል ነበር ወይስ መስማቱ? ቀለሙ ከብዕሩ ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ፤ ገጹ ላይ ግን አንዳች አልጻፈችም።

በአምስተኛው ቀን የጳጳሱ እንደራሴ ዶን ፕላሲዶ መጣ። ዲያኖራ ወይን ቀድታለት ወደ ጓዳ ገባች፤ ጆሮዋን ግን በሩ ላይ ትታ ነው የገባችው።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ» አለ። «ከመዘምራኑ አንዱ ‹ይህ ዜማ ዘፈን ዘፈን ይሸተኛል› ብሎኛል። የጳጳሳቱ ጉባኤ ዘፈን ከቅዳሴ እንዳይቀላቀል መከልከሉን ታውቂያለሽ። እውነት ከሆነ መጽሐፉ እሳት ይገባል፤ የባልሽም ስም ከደብሩ ይፋቃል።»

«እኔን ምን አድርጊ ይሉኛል፣ አባቴ?»

«ሥራውን ሁሉ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሌላ ማንን ልጠይቅ?» የእንጨት መስቀሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «እጅሽን ጫኚና ንገሪኝ። ውስጡ ዓለማዊ ዘፈን አለ?»

የዘጠኝ ዓመት ቂሟን በአንዲት «አዎ» ልትወጣ ትችላለች። ኤርኮሌ ልጁን የሠዋለት ያ ስም በደቂቃ አመድ ይሆናል። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን መጽሐፉ ሲቃጠል የኦሬታም «እባክህ» አብሮ ይቃጠላል፤ ያንን የያዘ ሌላ ወረቀት ደግሞ በምድር ላይ የለም።

እጇን መስቀሉ ላይ ጫነች።

«የለም።»

«ታዲያ የቴኖሩ ዜማ ለምን ተቋረጠ?»

«ሞት ቀደመው።»

ዶን ፕላሲዶ መስቀሉን መልሶ ያዘ። ከዚያ ወይኑን ጨልጦ ተነሳ። ዲያኖራ ከጓዳ ወጥታ «ምን አልሽው?» ብትላት፣ ኦርሶላ «ኃጢአት» ብላ መለሰችላት።

ለቱሊዮ መጽሐፉን ስትመልስለት፣ «እንደተጻፈው ዘምር» አለችው። «ሲያልቅብህ ዝም በል። አፍህን ግን ግጠም።»

በሰባተኛው ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። በሟቹ ምትክ ሬሳ የሌለበት ቃሬዛ ጥቁር ጨርቅ ለብሶ መሀል ላይ ቆሟል። የመጨረሻው ጸሎት ተጀመረ። ሦስቱ ድምፆች ከላይና ከታች ሲመላለሱ፣ በመካከላቸው የቱሊዮ ድምፅ ቀስ እያለ ይጎተት ነበር፤ ከመዘግየቱ የተነሳ ዘፈን መሆኑን የሚጠረጥር የለም። ምእመኑ ደረቱን ይደቃል። ኦርሶላ ግን ልጇ ወደ ገዳሙ በር አንድ አንድ እርምጃ ስትሄድ ታያት ነበር። ወንዙ። ማዶ። እባክህ።

ቱሊዮ ዝም አለ። ሦስቱ ቀጠሉ፤ ዜማው መሀሉ ተቦርቡሮ እስከ ፍጻሜው ሄደ። «እንዴት ያለ ሰላም ነው!» አለች ከኋላዋ አንዲት ሴት።

ይቅር አላለችውም። ይቅር የምትል ኦሬታ ነበረች፤ እሷ ደግሞ የለችም። ኦርሶላ የገባት፣ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጣሪያ ስር ሁለት ሰዎች አንዱን በር ሲያዩ መኖራቸው ነው፤ አንዳቸው ለሌላው ሳይናገሩ። ያኔ እንባዋ መጣ።

ሰው ሁሉ በቃሬዛው አጠገብ እያለፈ መውጣት ጀመረ። ተራዋ ሲደርስ ኦርሶላ ቆመች። የጥቁሩ ጨርቅ ጫፍ ተጨማትሮ ተንጋዷል። ጎንበስ ብላ አቃናችው፤ አቧራውንም በመዳፏ አራገፈችለት።