ድንጋዩን ያወረደ እጅ

ሚኒባሱ ሞጣ መናኸሪያ ገብቶ ሳይቆም ቢያዝን በሩን ገፍቶ ወረደ። ከቢቸና እስከዚህ አንዲት ቃል ሲያኝክ ነው የመጣው፤ «ያ ሰው እኔ ነኝ።»

ሠዓሊው ገላው፣ ለሰላም የደከሙ ሠዓሊዎችና ሳይንቲስቶች ከየአገሩ ተመርጠው የሚከበሩበትን የባሕር ማዶ ሽልማት አግኝቶ ተመለሰ አሉ። ያሸለመው የቢያዝንን የእርቅ ቀን የሣለበት ሥዕል ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል የቢያዝንን እርሳስ ለሁለት ሰብሮ ሲካፈል ያደገ ሰው፣ «ልሣልህ ወይ?» ብሎ እንኳ አልጠየቀውም። «እኛ አማጥን፣ እሱ ታረሰ!» አለ ለራሱ።

ሥዕሉ የሚታይበት አዳራሽ በር ላይ አንዲት አስተናጋጅ አገደችው።

«ጋሼ፣ መጥሪያ ይዘዋል?»

«እኔ ተሥዬ ነው የመጣሁት!»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣትና አሳለፈችው።

ሥዕሉ ግድግዳውን ሞልቶታል። ወንድሙን ምናለን በድንበር ጠብ የገደለው የኔሰው፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ተንበርክኳል። ቢያዝን ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ያወርድለታል። ፊቱ ላይ ያለውን ርኅራኄ ቢያዝን በመስታወት አይቶት አያውቅም።

በእርቁ ቀን ግን ሽማግሌዎቹ «በል አውርድለት» ቢሉት፣ ቢለምኑት፣ ፊቱን እንዳዞረ ቀረ። ፀሐይ ሲከር አባ ወልደ ሰንበት ተነሥተው፣ የሟች ወገን ሊያወርደው የሚገባውን ድንጋይ በገዛ እጃቸው አውርደው መረቁ። ገላው የደረሰው ለምርቃቱ ነው። የቀረውን ወጉ እንደሚያዘው ሣለው። ከዚያ ወዲህ፣ ይኸው ሰባት ዓመት፣ ቢያዝን፣ የኔሰው በዋለበት ገበያ አይውልም።

«ቢያዝን! ጓዴ!» ገላው ከመድረኩ አየው። «ወገኖቼ፣ ክብሩ የኔ አይደለም። ድንጋዩን ያወረደው ሰው ያውላችሁ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያላጨበጨበ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከፊት ወንበር የተቀመጠ፣ ፀጉሩ ሸብቶ እጁን ማጅራቱ ላይ የጫነ። የኔሰው።

ቢያዝን በአጠገቡ ሲያልፍ፣ የኔሰው ቀና ሳይል «ሂድ፣ መድረኩን ውጣ» አለው በሹክሹክታ። «እኔ አልናገርብህም።»

ከዱላ ይልቅ ይህ አመመው። መድረኩን ወጣ። ገላው አቅፎ ሳመውና ማይክራፎኑን አስጨበጠው። የኔሰው እጁን ከማጅራቱ አላነሣም።

«ያ ሰው...» አለ ቢያዝን።