አልወርድም ያላለችው ሙሽራ

መኪናዋ ቤንዚን አትጠጣም እንጂ እንደ ማንኛዋም ሚዜ ማጌጥ አለባት ብላ ሃዋኒ ቆርጣ ተነሳች። የታላቅ እህቷ የመቲ ሰርግ ነው። ወንድማቸው አዱኛ ከአምቦ ጉደር ሰው የሚያመላልስባትን የኤሌክትሪክ መኪና ለሙሽራዋ አጥቦ፣ ውስጧን የማስዋቡን ሥራ ለሃዋኒ ተወላት።

«ይቺን ቀይ ገመድ እንዳትነኪ» አላት፣ የኋላውን በር ኪስ እያሳያት። «ባትሪው እምቢ ካለ በሩን ከውስጥ የምትከፍተው እሷ ናት።»

«እሺ፣ ኢንጂነር።»

ገመዷ ግን አስቀያሚ ናት፤ የመቲን ቬሎም ልትይዝ ትችላለች። ሃዋኒ ነጭ ሳቲን አልብሳ በማስቲሽ ጥርቅም አደረገቻት። ከቁራጩም ለራሷ የፀጉር ሪባን ሠራች።

ጉደር ሲደርሱ የጥር ፀሐይ አናት ይበሳል። ሙሽራው ጋሮማ፣ አዱኛና ሃዋኒ ወርደው በሩን ዘጉ። መቲ እንደ ወጉ ብቻዋን ቀረች፤ አማት ከብት ቃል ሳይገቡላት ሙሽራ አትወርድም።

«ጊደር ሰጥቼሻለሁ፣ ውረጂ ልጄ» አሉ አማትየው፣ አዴ ኤቢሴ።

መቲ ልትወርድ በሩን ሞከረች፤ እምቢ አለ። መስኮቱም፣ ሌሎቹም በሮች እንደዚያው። አዱኛ ሪሞቱን ቢጫን ቢጫን መኪናዋ ባትሪዋ ሞቶ ድርቅ ብላለች። መቲ መስታወቱን በመዳፏ ደበደበች።

«አልወርድም አለች» አሉ ሴቶቹ። ከበሮው ደመቀ።

«ላም ጨምሬያለሁ» አሉ አዴ ኤቢሴ። መቲ ይብስ ደበደበች።

«ይቺስ ሙሽራ ሳትሆን የከብት ነጋዴ ናት» አለ አንዱ አጃቢ። ሰዉ ሳቀ።

ሃዋኒ አልሳቀችም። የመቲ ኩል በላብ ታጥቦ ጉንጯ ላይ ወርዷል፤ አፏን ከፍታ አየር ትፈልጋለች። አዱኛ ወደ በሩ ኪስ እየጠቆመ «ገመዱን ሳቢ» እያለ ቢጮህ ከበሮው ድምፁን ዋጠው። መቲ የበሩን ኪስ ዳበሰች። እጇ የገባው ሳቲን ብቻ ነው።

«ገመዱ የት ገባ?» አለ አዱኛ።

«ሳቲን ለጥፌበታለሁ» አለች ሃዋኒ።

አዱኛ ድንጋይ ፍለጋ ሮጠ። ሃዋኒ ሪባኗን ከፀጉሯ መንጭቃ መስታወቱ ላይ ዘረጋች፤ መቲ እያየቻት ለሁለት ቀደደችው፤ ከዚያ ወደ በሩ ኪስ ጠቆመች። መቲ ጎንበስ አለች። በጥፍሯ ቧጠጠች፣ ቧጠጠች፣ ሳበች። በሩ ቋ ብሎ ተከፈተ።

እልልታው ቀለጠ። «ጊደርም ላምም አስቆጥራ ወረደች» ተባለላት። መቲ የእህቷን ትከሻ ተደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበች። ሂና የሞቀው ጥፍሯ ተገንጥሎ ይደማል።

«ለእማዬ አልነግርም» አለቻት በጆሮዋ።

ተቆጥታት ቢሆን ይሻል ነበር። ሃዋኒ ያን ቀን የቀረበላትን አልበላችም።

በማግስቱ ማንም ሳይጠራት መኪናዋ ውስጥ ገብታ የማስቲሹን ቅሪት ስትፍቅ አረፈደች።

«ወጥቷል እኮ፣ በቃሽ» አላት አዱኛ።

«በሩን ዝጋብኝ።»

ዘጋባት። ዓይኗን ጨፍና ገመዱን ሳበች፤ ተከፈተ።

«ደግመህ ዝጋው» አለችው።