አርባ ወይስ ሰማንያ

ዕፀገነት ከሆስፒታል በተመለሰች በዘጠነኛው ቀን፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቷ እማማ አባዲት በሩን በክርናቸው ገፍተው ገቡ። በሁለት እጃቸው የያዙት ሳህን ላይ ገንፎ ተቆልሏል፤ መሐሉ ላይ ያለው ቅቤና በርበሬ ገና ይንቀሳቀሳል።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ የኔ ልጅ» አሉ። «ሦስት ወር መቀሌ ልጄ ጋ ከርሜ ትናንት ብገባ፣ ጥበቃው ወልዳ ከሆስፒታል መጣች አለኝ። ይህን ደረጃ እንዴት እንደወጣሁት አትጠይቂኝ። በይ እስቲ፣ የታለ?»

ሰሞኑን የመጣ ጎረቤት ሁሉ ዕፀገነት በር ላይ ሲደርስ የሚለው ይጠፋው ነበር። ገሚሱ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ብርቱካኑን አስቀምጦ ሄደ። አንዷ «እግዜር ያጥናሽ» ልትል ጀምራ መሐል ላይ ተወችው። እንኳን ማርያም ማረችሽ ያለ ግን አልነበረም።

«የለም» አለች።

«ማሞቂያ ውስጥ ነው?»

«የለም እማማ። አምስት ወሩ ነበር። የራስ ቅሉ አልተሠራም፣ ቢወለድም አንድ ቀን አያድርም አሉን። አስወረድኩ። የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

እማማ አባዲት ሳህኑን አስቀምጠው ተቀመጡ። ከዚያ ነጠላቸውን አወረዱና አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው፣ እንደ ለቀስተኛ ለበሱት። ማንኪያውን ግን ወደ እሷ ገፉላት።

«ብይ።»

«የአራስ ገንፎ እኮ ነው።»

«ወገብሽ ይህን መቼ ያውቃል? ከቀዘቀዘ አይበላም። ብይ ነው የምልሽ።»

በላች። ጣፈጣት፤ ስለጣፈጣትም አፈረች። ግማሽ ያህሉን እንደበላች እማማ አባዲት ቀስ ብለው ጠየቁ።

«ወንድ ነበር ሴት? ቤተ ክርስቲያን የምትገቢበትን ቀን ልቆጥርልሽ ነው። ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ።»

ያን ዕለት ሆስፒታል ውስጥ ነርሷ በአረንጓዴ ጨርቅ ጠቅልላ «ማየት ትፈልጊያለሽ?» ስትላት፣ ዕፀገነት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

«አላየሁም» አለች። «እንዲህ ላለውስ ይቆጠራል?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ንስሐ አባትሽን ጠይቂ።»

እሳቸውንማ እንዴት ትጠይቅ? ቀኑን ከመንገራቸው በፊት ስለ ፊርማዋ ይጠይቋታል።

ባሏ ሃይልኣብ ከሥራ ሲገባ፣ የመውጫ ወረቀቷን ጭኗ ላይ ዘርግታ አገኛት። ግርጌው ላይ የሆስፒታሉ ስልክ አለ።

«ወንድ ይሁን ሴት ደውዬ ልጠይቃቸው?»

«ምን ይጨምርልሻል?»

«ቀኑን አውቃለሁ።»

«ዕፄ፣ ገና ሰው አልነበረም። ተነጋግረንበት የለም እንዴ?»

«እሺ፣ አልነበረም። ታዲያ አንተ ሻወር ቤት ገብተህ ውሃ ከፍተህ የምትቆየው ለምንድነው? ፀጉርህ ሳይረጥብ ትወጣለህ።»

ሃይልኣብ የተረፈውን ገንፎ ከሳህኑ ላይ በጣቱ እየጠረገ በላ።

አብነት ሰፈር ወዳለው የልብስ ስፌት ቤቷ ስትመለስም ሐሳቡ አልለቀቃትም። የተማሪ ዩኒፎርም ነው የምትሰፋው። አንድ ሱሪ፣ አንድ ጉርድ፣ እንደገና ሱሪ። ሰው ካልነበረ የሚቆጠር ቀን የለም፤ ዛሬውኑ ልትገባ ትችላለች። ሰው ከነበረ ደግሞ የፈረመችው ምን ላይ ነው? ያንን ወረቀት አሁን ቢያመጡላት እንደገና እንደምትፈርም ታውቃለች። እንደገና እንደምታለቅስም ታውቃለች። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሆኑ ግን አልገባትም። ጉርዱ ላይ የሱሪ ኪስ ሰፍታ ፈታችው።

አርባኛው ቀን ወር በገባ በአንደኛው፣ የልደታ ዕለት ዋለ። ከእማማ አባዲት ጋር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄደች። ሰው እየተሳለመ ይገባል። ስልኳን አውጥታ ሆስፒታሉ ደወለች።

«ሄሎ፣ ምን ልርዳዎት?» አለች አንዲት ሴት።

«የዛሬ አርባ ቀን…» አለችና ቆመች።

«ሄሎ? ይሰማዎታል?»

ዘጋችው። ሴትየዋ አንዱን ከተናገረች በኋላ እንዳልሰማ መሆን እንደማይቻል የገባት ያኔ ነው። ወንድ ነው ቢሏት አንድ ወንድ ልጅ ነበራት፤ ሴት ናት ቢሏት አንዲት ሴት ልጅ።

እማማ አባዲት አንድ እግራቸውን ከበሩ አሳልፈው ዞሩ።

«ትገቢያለሽ?»

ወንድ ከነበረ አርባው ሞልቷል። ሴት ከነበረች ግን ገና ግማሹ ይቀራል። ዛሬ ብትገባ፣ ያቺን ሴት ልጅ እንደገና ፊቷን አዙራ እንዳላየቻት ታልፋታለች።

«ገና ነኝ» አለች። «ሰማንያ ልቆይ።»

«ሴት ናት አሉሽ?»

«ምንም አላሉኝም።»

እማማ አባዲት ያሳለፉትን እግር መልሰው ከጎኗ ቆሙ።

«ሰማንያው እኮ ለሚቀጥለው ልደታ እንኳ አይሞላም» አሉ ጉልበታቸውን እያሹ። «እንግዲያው በርጩማ ይዘን ነው የምንመጣው።»

ዕፀገነት ግንባሯን ከውጭ አጥሩ ላይ አስደገፈች። ስለ ማን እንደምትጸልይ ስላላወቀች፣ አርባ አንድ ብላ መቁጠሯን ቀጠለች።