ስማይርናን ማን ዘጋው

መንሱር የደሴ ልጅ ነው። አትላንታ ታክሲ ይነዳል፤ እየነዳም ይዋሻል። ውሸቱ ማንንም አይጎዳም፤ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቁ የሚያንጎላጁትን ሾፌሮች ያነቃል እንጂ። አንድ ክረምት ደሴ ላይ የወረደ በረዶ የጎረቤቱን በሬ ገድሎ ሥጋውን እስከ ዒድ ሳያበላሽ አቆየው ይላል። «ሳይታረድ የሞተ በሬ በላችሁ?» ብለው ሲያፋጥጡት፣ «በረዶው የወረደው አንገቱ ላይ ነው፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ቢስሚላህ እያልኩ ነበር» ብሎ ይምላል።

በዚያ ሰሞን ግን መዋሸቱም ደከመው። ሚስቱ ነዒማ ስንት ዓመት የጠበቀችው ቪዛ ወጥቶላት እሑድ ልትገባ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለችው አንድ መኝታ ክፍል ብቻ ናት። አልጋው ላይ ደግሞ ጋሽ ፍስሐ ተኝተዋል።

ጋሽ ፍስሐ ዲቪ ደርሷቸው የመጡ የስድሳ ዓመት ሰው ናቸው። የአትላንታ ዳርቻ ስማይርና ወዳለው የመንሱር አፓርትመንት ሲገቡ «ለሁለት ሳምንት ብቻ» ተብሎ ነበር። ሁለቱ ሳምንት እየወለደ፣ ልጆቹም እየወለዱ፣ ወራት ሆነ። መጀመሪያ ሶፋው ላይ ነበር የሚተኙት። አንድ ጠዋት ወገባቸውን ይዘው ሲነሡ መንሱር ይሉኝታ ይዞት «አልጋው ላይ ይሁኑ ጋሼ» አለ። አለና በዚያው ቀረ። ሶፋው መሀሉ የጎደጎደ፣ ግመል የተንከባለለበት የሚመስል ነው፤ መንሱር ከሺፍት ሲመለስ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል። ሽማግሌን «ከቤቴ ይውጡ» የሚል ምላስ ደግሞ ወሎ ውስጥ ገና አልበቀለም።

መላው የተገኘው ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ነው። መንሱር ምሳ የሚበላበት ቤት ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ ግሪክ፣ «ቤትህ የት ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«ስማይርና።»

ግሪኩ ቢላዋውን አስቀመጠ። ለካስ ስሟን ያዋሰች ጥንታዊት ከተማ ባሕር ማዶ አለች፤ የግሪኩ አያቶችም ከዚያው ተፈናቅለው የወጡ ናቸው። «በዚያች ከተማ መፈናቀል የተጀመረው በኛ አይደለም» አለና የጥንቱን ነገረው። ኮሎፎን ከምትባል ከተማ፣ እርስ በርስ ተጣልተው የተሸነፉ ሰዎች ተሰደው ስማይርና ይመጣሉ። ባላገሮቹ እጃቸውን ዘርግተው ያስገቧቸዋል። ከዕለታት አንድ ቀን የወይን አምላካቸው በዓል ይደርስና ባላገሮቹ ከቅጥር ውጪ ወጥተው ሲጨፍሩ፣ ስደተኞቹ የከተማውን በር ዘግተው ቁጭ! በመጨረሻ በሽምግልና ታረቁ፤ ባላገሮቹ ዕቃቸውን ይውሰዱ፣ ከተማው ግን ለገቡት ይሁን ተባለ። ዕቃቸውን ተሸክመው ለዐሥራ አንድ ከተሞች እንደ ቅርጫ ሥጋ ተከፋፈሉ። የተቀበሏቸውም ከተሞች እንደ ልጆቻቸው ቆጠሯቸው።

መንሱር ሳንድዊቹን ሳይጨርስ ተነሣ። ይህን ነው በምሳሌ ለጋሽ ፍስሐ መንገር!

ዓርብ ማታ እራት ላይ ጀመረው። ከራሱም ጨማመረበት፤ የከተማው በር ሲዘጋ ድምፁ ከአትላንታ ወዲያ ማዶ ክላርክስተን ድረስ ተሰማ።

«ሰምርኔስ ናት እኮ!» አሉ ጋሽ ፍስሐ። «ራእይ ላይ ያለችው!»

«ትሆናለች ጋሼ። እና እንግዳ ቤቱን ሲወርስ... እንዴት ያዩታል?»

ሽማግሌው እንጀራውን ጠቅልለው አልጎረሱትም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ያ ሰው እኔ ነኝ» አሉ።

መንሱር ልቡ ዘለለች። ገባቸው!

«አሰብ ወደብ ሃያ ዓመት ጸሐፊ ነበርኩ። ጦርነቱ ሲመጣ መኪና ላይ ውጡ አሉን። ሽሮ ጥጄ ነበር እኮ! በሩ ሲዘጋብኝ ሽታው እንኳ ውጪ ድረስ ይመጣ ነበር።»

የመንሱር ልብ ተመልሳ ተቀመጠች። እንግዲህ ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ ራሱን የሚያገኘው ከቅጥሩ ውጪ ነው፤ በሩን የዘጋ አንድ ሰው አይገኝም። ኮሎፎኖች ዘር ሳይተኩ አልቀው ይሆናል።

ጋሽ ፍስሐ ግን እያሰቡ ነበር። «ዕቃቸውን ይዘው ወጡ አልክ?»

«ይዘው ወጡ።»

«ተቀባይም አላጡ?»

«አላጡም ጋሼ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በቃ ልጄ፣ ገባኝ። ሌላ አትናገር።»

ያን ሌሊት መንሱር ጉድጓዱ ውስጥ እንደ ንጉሥ ተኛ።

እሑድ ከሰዓት ነዒማን ከኤርፖርት ፒክ አፕ አድርጎ ሲመጣ በሩ ሥር ካርቶኖች ተደርድረዋል። «አልሐምዱሊላህ» አለ በልቡ፤ ሽማግሌው ሸክፈዋል! ጠጋ ሲል ግን ከአንዱ ካርቶን የራሱ ሱሪ እግሩን አንጠልጥሏል። የራሱ ጀበና፣ የራሱ መስገጃ፣ ሁሉም በጋዜጣ ተጠቅልሏል።

ጋሽ ፍስሐ የመጨረሻውን ገመድ እያሰሩ ቀና አሉ። «እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ! መንሱር፣ በምሳሌ ስለነገርከኝ አልከፋኝም። ሚስትህ ስትመጣ አንተም እንደነዚያ ባላገሮች ዕቃህን ይዘህ ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ነው። ክላርክስተን የምትኖር ገበያነሽ የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሰፊ ክፍል አላት፤ አዘጋጅታ እየጠበቀቻችሁ ነው። ለዚህ ቤት አታስብ፤ ፓርኪንግ ጥበቃ ሥራ ይዣለሁ፣ ኪራዩን እችለዋለሁ።»

መንሱር አፉን ከፈተ። ስንት ዓመት ያገለገለው ውሸት ያን ዕለት ከዳው።

«ጋሼ... የምሄደው እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው?»

ሽማግሌው ካርቶኖቹን አዩ፣ ነዒማን አዩ፣ ከዚያ አንዱ ካርቶን ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ኮሎፎኑ እኔ ነኝ?»

«ኧረ ጋሼ፣ እንደሱ አይበሉ!»

«ኮሎፎን ማነው?» አለች ነዒማ፣ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች።

ጋሽ ፍስሐ ተነሡ። ገብተው የመጡባትን ሻንጣ ይዘው ወጡ። «ገበያነሽ ያዘጋጀችው ለባልና ሚስት ነው፤ ለአንድ ሽማግሌ አይጠብም።»

«ዛሬ አይደለም ጋሼ፣ ነገ አደርስዎታለሁ።»

«ዛሬ ነው። ነገ ካልን እንደ ሁለቱ ሳምንት ይሆናል።»

ነዒማ የቤቱን ውስጥ ገና አላየችውም። ሻንጣዋን እዚያው ደጃፍ ላይ ከፍታ በፌስታል የቋጠረችውን ዳቦ ቆሎ አወጣችና በሁለት እጇ አስያዘቻቸው። ብቻዬን አልቀርም ብላም ተመልሳ መኪናው ውስጥ ገባች።

ከተማዋን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቱ ኤይቲ ፋይቭ፣ ተጨናንቋል። ነዒማ የአውሮፕላኑ ድካም ጥሏት አንገቷን ወደ መስኮቱ ደፍታለች። መንሱርም ዓይኑ ይዘጋበታል።

«እነዚያ ሰዎች ግን» አሉ ጋሽ ፍስሐ ከኋላ፣ «በሩን ከዘጉ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳቸው?»

መንሱር በመስታወት አያቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ከተማ ሙሉ ሲያንኮራፋ፣ ማንኮራፋቱም ቅጥሩን ሲነቀንቅ ይፈጥርላቸው ነበር።

«እንጃ ጋሼ» አለ። «ግሪኩ አልነገረኝም።»

ይህን ሲል የክላርክስተን መውጫ አለፈው። ዞሮ ለመመለስ የሚቀጥለውን መፈለግ ጀመረ።